ገንዘቡ ማን ኪስ ገባ? የአንግሎ ሳክሰንና የኖርማን ዘመን ወንጀልና ቅጣትን በአንድ ሌባ ጉዳይ ማጥናት

እንግሊዝ አገር ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ ይህ ርዕስ አንድ ቀን ቤታችሁ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለጂሲኤስኢ የታሪክ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ1000 ገደማ ጀምሮ በብሪታንያ የነበረውን ወንጀልና ቅጣት ያስተምራሉ። እኛም ቤት መጣ። ልጄ ደብተሯን ይዛ ሽንኩርት የምከትፍበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ገጹ በቃላት ዝርዝር ተሞልቷል። ወርጊልድ፣ ሀንድረድ፣ ታይዚንግ፣ መርድረም። «እማዬ፣ ይሄን ሁሉ እንዴት ነው የምሸመድደው?» አለችኝ።

ለሦስት ሳምንት አብረን ሸመደድን። አልሆነም። ቃሉን ታውቀዋለች፤ ነገሩን ግን አታውቀውም። ከዚያ መንገዳችንን ቀየርን። ዝርዝሩን ትተን አንድ እውነተኛ ሌባ ያዝን። ሄልምስታን ይባላል፤ ከ1100 ዓመት በፊት የኖረ ሰው ነው። ጉዳዩን ከሥር ከሥር ተከተልን። በየደረጃው የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ገንዘቡ ማን ኪስ ገባ?

አማርኛ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ትልቅ ዕድል አለው። እኛ «ካሳ» እና «መቀጮ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉን። ካሳ ለተበደለው ነው። መቀጮ ለሹሙ ወይም ለመንግሥት ነው። ገንዘቡ ካሳ ከሆነ ወንጀሉ በአንድ ሰውና በቤተሰቡ ላይ የተፈጸመ በደል ነው። መቀጮ ከሆነ ወንጀሉ በንጉሡ ላይ የተፈጸመ ሆኗል። ከካሳ ወደ መቀጮ የተደረገው ረጅም ጉዞ ነው ይህ ርዕስ።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ የዘመን መስመር አስምሩ

ወረቀቱን አግድም አድርጉና ስድስት ምልክት አድርጉበት፤ አምስት ነገሥታትና አንድ ጦርነት። የኬንቱ ንጉሥ ኤተልበርት፣ 600 ገደማ። አልፍሬድ፣ 871–899። አትልስታን፣ 924–939። ክኑት፣ 1016–1035። የሄስቲንግስ ጦርነትና ከፈረንሳይ የመጡት የኖርማኖች ድል፣ 1066። ሄንሪ ቀዳማዊ፣ 1100–1135።

ይህን የማስደርጋችሁ በምክንያት ነው። ተማሪዎች «አንግሎ ሳክሰኖች እንዲህ ያደርጉ ነበር» ብለው አምስት መቶ ዓመትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀልሉታል። ከአፄ ዘርዐ ያዕቆብ እስከ ዛሬ ያለውን ኢትዮጵያዊ ሁሉ አንድ አድርጎ እንደማውራት ነው። ኤተልበርትና ክኑት በአራት መቶ ዓመት ይራራቃሉ። አንድ ሕግ ባነበባችሁ ቁጥር መስመሩ ላይ የት እንደሚወድቅ ምልክት አድርጉ።

ደረጃ 2፦ ገንዘቡን ወደ ከብት ቀይሩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። «200 ሺሊንግ» ለልጅም ለአዋቂም ምንም አይናገርም። ከብት ግን ይናገራል።

በአትልስታን ዘመን ለለንደን የወጣ አንድ ደንብ የእንስሳት ዋጋ ዝርዝር አለው። በሬ 30 ፔኒ። ላም 20። አሳማ 10። በግ 5 ፔኒ፣ ማለትም አንድ ሺሊንግ። ይህችን ዝርዝር ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፏት።

አንድ ወጥመድ አለ። የአልፍሬድ ግዛት በነበረው በደቡብ እንግሊዝ በዌሴክስ አንድ ሺሊንግ 5 ፔኒ ነበር። ከኖርማኖች በኋላ 12 ፔኒ ሆነ። የኬንት ሺሊንግ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ስለዚህ የ600ን ሺሊንግ ከ1100 ሺሊንግ ጋር በቀጥታ አታወዳድሩ።

አሁን አስሉ። በዌሴክስ የአንድ ተራ ነፃ ገበሬ የደም ዋጋ 200 ሺሊንግ ነው። በአምስት ስታባዙት 1000 ፔኒ። ለ30 ስታካፍሉት 33 በሬ። ቴይን የሚባለው ባላባት ደሙ 1200 ሺሊንግ ነው፤ 200 በሬ መሆኑ ነው። ልጄ ይህን ካሰላች በኋላ ዝም አለች። «ማን አለው 33 በሬ?» አለች። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን የለውም። ዘመድ ተሰባስቦ ነው የሚያዋጣው። የዚያ ዘመን ሕግ ሰውን ብቻውን የቆመ አድርጎ አያየውም።

ደረጃ 3፦ የተበደለው ማን እንደሆነ ለዩ

የደም ዋጋው ወርጊልድ ይባላል። ጉማ ማለት ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ዘመድ ደም ከሚመልስ ገንዘብ ተቀብሎ ይታረቅ። አንድ የቆየ የእንግሊዝኛ አባባል ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ይናገራል፦ ጦሩን ከጎንህ በገንዘብ አስወግደው፣ አለዚያ ተሸከመው።

የኤተልበርት ሕግ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከተጻፉት ሕጎች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። የእያንዳንዱን የአካል ክፍል ዋጋ ይዘረዝራል። ዓይን 50 ሺሊንግ። ጆሮ 12። አውራ ጣት 20። የፊት ጥርስ 6። ልጃችሁን «ለምን አውራ ጣት ከጆሮ በለጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ራሱ ይደርስበታል። ያለ አውራ ጣት እርፍ አይጨበጥም፤ ጦርም አይያዝም። ዋጋው የሥቃዩ ሳይሆን የኑሮው ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በዚያው ሕግ ነፃ ሰው የገደለ ለንጉሡም 50 ሺሊንግ ይከፍላል። የንጉሡ እጅ ከመጀመሪያውም ውስጡ ነበረች። «ኖርማኖች መጥተው ንጉሡን አስገቡት» የሚለው አባባል ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ያደረጉት ነገር የንጉሡን ድርሻ ማሳደግና የዘመዱን ማሳነስ ነው። ባሪያ ሲገደል ደግሞ ዋጋው ለጌታው ነው የሚሄደው። ይህንንም ከልጃችሁ ጋር በግልጽ አውሩበት። የሰው ልጅ በሌላ ሰው ንብረት መዝገብ ውስጥ የተጻፈበት ዘመን ነበር።

ደረጃ 4፦ ሌባውን ማን እንደሚይዘው አስቡ

ፖሊስ የለም። ከብቱ የተሰረቀበት ሰው እሪ ይላል። እሪታውን የሰማ ሁሉ ሥራውን ትቶ ዱካ መከተል አለበት። በ10ኛው መቶ ዘመን የወጣው የሀንድረድ (የወረዳ) ደንብ እምቢ ላለ ሰው መጀመሪያ 30 ፔኒ ይቀጣዋል። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ዝርዝር እዩ፤ አንድ በሬ ነው። አራት ጊዜ እምቢ ካለ ንብረቱን በሙሉ ያጣል፤ ከሕግ ጥላም ይወጣል።

ሀንድረድ የወረዳ ያህል ግዛት ነው፤ ሸንጎው በየአራት ሳምንቱ ይቀመጣል። ከሱ በላይ ያለው የሻየር ሸንጎ በዓመት ሁለት ጊዜ። ከሱ በታች ደግሞ አሥር አሥር ሰው የሚቧደንበት ታይዚንግ አለ። በክኑት ሕግ ከ12 ዓመት በላይ የሆነ ነፃ ወንድ ሁሉ በሀንድረድና በታይዚንግ ውስጥ መግባት ነበረበት። ዋስ የሌለው ሰው እንዳይኖር ነው ሐሳቡ።

ሌባው ሲያዝ ገንዘቡ ማን ኪስ ገባ? በሀንድረዱ ደንብ የተሰረቀው ንብረት ዋጋ ለባለቤቱ ይመለሳል። የቀረው የሌባው ሀብት እኩል ይከፈላል፤ ግማሹ ለሀንድረዱ፣ ግማሹ ለጌታው። ካሳም አለ፣ መቀጮም አለ። በደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

እዚህ ላይ አንድ ልቤን የነካኝን ነገር ልንገራችሁ። ቅድም የእንስሳት ዋጋ ያገኘንበት የለንደን ደንብ የማኅበር ደንብ ነው። አባላቱ አሥር አሥር ሆነው ይመደባሉ። በዓመት አራት አራት ፔኒ ያዋጣሉ። ከብት የተሰረቀበት ከዚያ ይካሳል። በየወሩ ሰብሰብ ብለው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ የተረፈው ለነዳያን ይሰጣል። አባል ሲሞት እያንዳንዱ ስለ ነፍሱ ዳቦ ይሰጣል፣ ሃምሳ መዝሙር ይደግማል ወይም ያስደግማል። ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እድሩንም የጽዋ ማኅበሩንም በአንድ ላይ ያደረገ ነገር ከሺህ ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ ነበር። ልጄ ታይዚንግን ከዚያ በኋላ ረስታው አታውቅም።

ደረጃ 5፦ ሄልምስታንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከተሉ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ገባን። ታሪኩን የምናውቀው ለአልፍሬድ ልጅ ለንጉሥ ኤድዋርድ ከተጻፈ አንድ ደብዳቤ ነው። የፎንትሂል ደብዳቤ ይባላል፤ ካንተርበሪ ካቴድራል ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ጸሐፊው ኦርድላፍ የተባለ ሹም እንደሆነ ይታመናል። የሄልምስታን የክርስትና አባት ነው። ስለዚህ ስታነቡት የአባት ድምፅ መሆኑን አትርሱ።

ሄልምስታን ኤተልሬድ ከተባለ ሰው ቀበቶ ሰረቀ። ነገሩ በዚያ አላበቃም። ወዲያው አንድ ሌላ ሰው ተነሥቶ በዊልትሸር ያለውን የሄልምስታንን የፎንትሂል መሬት ይገባኛል አለ። ቀበቶና መሬት ምን አገናኛቸው? ተማሪው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አስረዱት። በዚያ ዘመን ክርክር የሚረታው በመሐላ ነው። የሌባ መሐላ ደግሞ ዋጋ የለውም። ስሙ ከጎደፈ መሬቱን በመሐላ መከላከል አይችልም። ከሳሹ ያየው ክፍተት ይህን ነው። ስም ማለት መሬት ነበር።

የክርስትና አባቱ ሊማልድለት ወደ ንጉሥ አልፍሬድ ሄደ። ንጉሡ ዋርዶር በሚባል ቦታ እልፍኝ ውስጥ እጁን እየታጠበ ነበር። ታጥቦ ሲጨርስ ጉዳዩን ሰማ፤ ሄልምስታን እንዲምል ፈቀደለት። ይህች የእጅ መታጠብ ለክርክሩ ምንም አትጨምርም። ግን ንጉሥ ከምግብ ወይም ከጸሎት መካከል እንዴት እንደሚፈርድ ታሳያለች። እኔ ከደብዳቤው ሁሉ እሷን ነው የምወዳት።

ለመማል አጋዥ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ አሥራ ሁለት ሰው አብሮ ይምላል። «እኔ አይቻለሁ» አይሉም፤ «መሐላው ንጹሕ ነው» ነው የሚሉት። የቴይን መሐላ የስድስት ገበሬ መሐላ ያህል ይመዝናል። ሄልምስታን የክርስትና አባቱን እርዳኝ አለው፤ ካገዝከኝ መሬቱን ላንተ እሰጥሃለሁ አለ። መሐላው ተሳካ። አባቱም መሬቱን ተቀበለና፣ ከነውር እስከራቀ ድረስ በዕድሜው እንዲጠቀምበት መልሶ ሰጠው።

ገንዘቡ ማን ኪስ ገባ? የመሬቱ ባለቤትነት ወደ አጋዡ ሄደ። ይህን ጻፉት። የሹም ድጋፍ በነፃ አልነበረም።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ ወይም ሁለት ዓመት አለፈ። ሄልምስታን እንደገና ሰረቀ። አሁን በሬዎች ነበሩ። እየነዳ ሲሄድ ዱካ የተከተለው ሰው ደረሰበት። ሲሸሽ እሾህ ፊቱን ቧጨረው። በኋላ ሊክድ ሲል ያ ጭረት ማስረጃ ሆኖ ቀረበበት። ያ ዘመን መሐላና ተአምር ብቻ ነበር ለሚል ሰው ይህችን ጭረት አሳዩት። ዱካ ያያሉ፣ ቁስል ያያሉ፣ ያገናዝባሉ።

የንጉሡ ሹም መጣና ቲዝበሪ ያለውን ንብረቱን በሙሉ ወሰደ። ለምን ሲባል፣ ሌባ ስለሆነና የንጉሥ ሰው ስለነበረ ሀብቱ ለንጉሡ ነው አለ። የፎንትሂል መሬት ግን ዳነ፤ የክርስትና አባቱ ንብረት ስለነበረ አልተወረሰም። ሄልምስታን ከሕግ ጥላ ውጪ ሆነ። እንዲህ ያለው ሰው በኋለኛው ዘመን «የተኩላ ራስ» ይባል ነበር። ያገኘው ሰው እንደ አውሬ ሊገድለው ይችላል።

ከዚያ ምን አደረገ? ወደ አልፍሬድ መቃብር ሄደ። ከዚያ ማኅተም ይዞ ተመለሰ፤ የክርስትና አባቱም ወደ ኤድዋርድ አቀረበለት። ንጉሡ ማረው፤ የሚኖርበት መሬትም ሰጠው።

ሁለት ጊዜ የሰረቀ ሰው አልተሰቀለም። ልጃችሁ «ሕጉ የታለ?» ቢል አትደንግጡ። የሕግ መጽሐፍ አንድ ነገር ነው፤ ጠበቃ የሚሆን አባት ያለው ሰው ጉዳይ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ ጥሩ መልስ ይጽፋል። እንዲህ ያለ አባት የሌለው ገበሬ ምን ይደርስበት እንደነበር በሚቀጥሉት ሁለት ደረጃዎች እናያለን።

ደረጃ 6፦ መሐላው ሲወድቅ

አጋዥ ያጣ ወይም ስሙ የከፋ ሰው ወደ እግዚአብሔር ፍርድ ይሄዳል። ሦስት ቀን ይጾማል፤ ዳቦ፣ ጨው፣ ውሃና ቅጠላ ቅጠል ብቻ ይቀምሳል። ቅዳሴ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ከሚከተሉት አንዱ ይደረጋል።

የጋለ ብረት ይዞ ዘጠኝ የእግር ርዝመት ይራመዳል። ብረቱ አንድ ፓውንድ ይመዝናል፤ ክሱ ከባድ ከሆነ ሦስት ፓውንድ። ወይም ከፈላ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ያወጣል። ለቀላል ክስ እስከ አንጓው፣ ለከባድ እስከ ክርኑ ይነክራል። ወይም ታስሮ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይወርዳል፤ ከሰመጠ ንጹሕ ነው፣ ከተንሳፈፈ ጥፋተኛ። ለካህናት ደግሞ የተባረከ ቁራሽ አለ። ካነቀው ወንጀለኛ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በብረቱ ፍርድ «አልተቃጠለም» ወይ ተብሎ አይጠየቅም። እጁ ይጠቀለላል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ይፈታል። መግል ከያዘ ጥፋተኛ ነው። ቁስሉ በንጹሕ እየዳነ ከሆነ ነፃ ነው። ያን የሚያየው ቄሱ ነው። ቄሱ ደግሞ የመንደሩን ሰው ያውቃል። ስለዚህ ቁስሉን ሲያይ የሰማውንም ይዞ ነው የሚያየው ብዬ አምናለሁ።

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ታዲያ እንደ ሌባ ሻይ ነዋ» አለ። አይደለም። ሌባ ሻይ ያልታወቀ ሌባ ይፈልጋል። ይህ ግን የተከሰሰው ሰው ታውቆ፣ መሐላው ሳይበቃው ሲቀር የሚመጣ ነው። በ1215 የሮም ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ካህናት በዚህ ፍርድ እንዳይሳተፉ ከለከለ። ያለ ካህን አይሠራም፤ እንግሊዝም ተወችው።

ደረጃ 7፦ ቅጣቱን ከምክንያቱ ጋር አንብቡ

እስር ቤት ዋና ቅጣት አልነበረም። ግን አለ። በአልፍሬድ ሕግ ቃሉን ያፈረሰ ሰው በንጉሡ ግቢ 40 ቀን ይታሰራል። ስንቁን ዘመዶቹ ያቀብሉታል።

ስርቆት ከበድ ያለ ነው። አትልስታን መጀመሪያ ያወጣው ሕግ ከ12 ዓመት በላይ ሆኖ ከ8 ፔኒ በላይ ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ የተያዘ እንዲገደል ያዛል። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን እዩ። አሳማ 10 ፔኒ ነው። አንድ አሳማ የሰረቀ የ13 ዓመት ልጅ ይሞታል ማለት ነው። ንጉሡ ራሱ ከበደው። እንዲህ ያለ ልጅ በእንዲህ ትንሽ ነገር መግደል ጭካኔ ነው ብሎ ዕድሜውን ወደ 15፣ ገንዘቡን ወደ 12 ፔኒ ከፍ አደረገው። አሁን አሳማው ዳነ፣ ላሟ ግን አልዳነችም። የእኔ ልጅ ያኔ ገና 14 ዓመቷ ነበር። ሁለቱን ሕጎች ስታነብ ድምፅዋ ተለወጠ።

በክኑት ዘመን የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ውልፍስታን ሕጉን ጻፈ። በትንሽ ነገር ሰው አትግደሉ፣ ንስሐ የሚገባበት ጊዜ ስጡት ይላል። ምሕረቱ ግን ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጆሮ፣ እጅና እግር መቁረጥ ነው። በዘመኑ ሰው አመለካከት ይህ ነፍስን ማዳን ነበር። ያመነዘረች ሚስት አፍንጫና ጆሮዋን ታጣለች። ሃምፕሸር ውስጥ ኦክሪጅ በተባለ ቦታ የተገኘ የአንዲት ወጣት የራስ ቅል አለ። ከ15 እስከ 18 ዓመት ይሆናታል፤ አፍንጫዋና ከንፈሯ ተቆርጧል። የኖረችው በ8ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወይም በ9ኛው ነው፤ ከክኑት ሕግ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ቀድማ። ጥፋቷ ምን እንደነበር የተጻፈ ነገር የለም። እዚህ ደረጃ ላይ ከልጆች ጋር ስትደርሱ አትቸኩሉ።

በክኑት ሕግ ካሳ የማይቀበሉ አምስት ወንጀሎች አሉ፦ ቤት ሰብሮ መግባት፣ ቤት ማቃጠል፣ የታወቀ ስርቆት፣ የታወቀ ግድያ፣ ጌታን መክዳት። ምልክት አድርጉባቸው። ኖርማኖች ከመምጣታቸው በፊት የካሳው በር መዘጋት ጀምሯል።

ደረጃ 8፦ 1066ን ተሻገሩ፣ ያልተለወጠውን ከተለወጠው ለዩ

መጀመሪያ ያልተለወጠውን ጻፉ። ሀንድረድ እንዳለ ቆየ። ታይዚንግ ቆየ። እሪታው ቆየ። የጋለው ብረትም ቆየ። በ1070ዎቹ በኬንት፣ ፔነንደን ሂዝ ላይ ትልቅ የመሬት ክርክር ነበር። ኤተልሪክ የተባለ አረጋዊ እንግሊዛዊ ጳጳስ በጋሪ ተጭኖ ወደ ሸንጎው መጣ። የድሮውን ሕግ ያውቃልና እንዲያስረዳ ነው። ድል አድራጊዎቹ የተሸነፈውን ሕዝብ ሕግ ሽማግሌ አስመጥተው ጠየቁ። ይህን የማይጽፍ ተማሪ ግማሹን ትቷል።

ከተለወጠው ውስጥ መርድረም በሚባለው መቀጮ ላይ ጊዜ ስጡ። ጥቂት ሺህ ኖርማኖች በጠላት መካከል ነበር የሚኖሩት። ስለዚህ አንድ ኖርማን ተገድሎ ገዳዩ በአምስት ቀን ካልተያዘ፣ የሟቹ ጌታ፣ እሱ ካልቻለም ሀንድረዱ 46 ማርክ ብር ይከፍላል። አንድ ማርክ 160 ፔኒ ነው። 46ቱ 7360 ፔኒ ይሆናል። በአትልስታን ዘመን ዋጋ 245 በሬ። ከአንድ ቴይን ደም ይበልጣል።

አገር ሰብስቦ ማስጨነቅን እኛም አናጣውም፤ አውጫጭኝ አለ። ግን ገንዘቡ ማን ኪስ እንደገባ እዩ። በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተጻፈ የሕግ መጽሐፍ 40ው ማርክ ለንጉሡ፣ 6ቱ ለሟች ዘመዶች ነው ይላል። ከካሳ ወደ መቀጮ የሚደረገው ጉዞ በሁለት ቁጥር ተጽፎ አገኛችሁት። ከዚህ ርዕስ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ ልጅ ካላችሁ ይህን ያስታውስ። ወርጊልድም ቀስ በቀስ ጠፋ።

ሁለተኛው የጫካ ሕግ ነው። ንጉሡ «ፎረስት» ያለው መሬት ዛፍ ብቻ አይደለም። መንደርም እርሻም አለበት፤ አውሬውና ሣሩ ግን የንጉሡ ነው። የዘመኑ ዜና መዋዕል ድል አድራጊው የኖርማኖች ንጉሥ ዊሊያም አጋዘንን እንደ አባት ይወድ ነበር፣ አጋዘን የገደለም ዓይኑ ይጥፋ አለ ይላል። እዚህ ጋ ጥያቄያችን መልስ አያገኝም፤ ገንዘብም የለም፣ ተበዳይ ሰውም የለም። ትናንት ለልጆቹ ሥጋ ያመጣ የነበረ ሰው ዛሬ ወንጀለኛ ነው። አዲስ ወንጀል በሕግ ሲፈጠር ማየት ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። በዊሊያም ልጅ በዊሊያም ዳግማዊ ዘመን 50 ሰዎች አጋዘን በላችሁ ተብለው የጋለ ብረት ያዙ። በሦስተኛው ቀን የሁሉም እጅ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ንጉሡ ተቆጣ፤ ከእንግዲህ ፍርዱ የእኔ ነው አለ።

የቀረውን በአጭሩ። ኖርማኖች በድብድብ መዳኘትን አመጡ። በፈረንሳዊ የተከሰሰ እንግሊዛዊ ከድብድብና ከጋለ ብረት ይመርጣል። በእንግሊዛዊ የተከሰሰ ፈረንሳዊ ግን፣ ከሳሹ በሁለቱም አልሄድም ካለ፣ በመሐላ ይወጣል። ዊሊያም የቤተ ክርስቲያንን ጉዳይ ከሀንድረድ ሸንጎ ለይቶ ለጳጳሳት ሰጠ። በስሙ የተጻፉት አሥር አንቀጾች መስቀልና መግደልን ይከለክላሉ፤ በምትኩ ዓይን ማውጣትና መስለብ።

ሁለት ሕግ ጎን ለጎን እንደነበረ ለማሳየት አንድ ታሪክ ይበቃል። በ1075 መሳፍንት በዊሊያም ላይ አሴሩ። ኖርማኑ ሮጀር ሲያዝ መሬቱን አጥቶ ዕድሜ ልክ ታሰረ። እንግሊዛዊው ዎልቲዮፍ ግን ሜይ 31 ቀን 1076 ዊንቸስተር ላይ አንገቱ ተቆረጠ። አንድ ሴራ፣ ሁለት ቅጣት፤ እያንዳንዱ በአገሩ ሕግ።

ደረጃ 9፦ ሄልምስታንን ወደ 1124 ውሰዱት

የመጨረሻው ልምምድ ይህ ነው። ሄልምስታንን ከነበሬዎቹ አንሡና ሄንሪ ቀዳማዊ ዘመን ላይ አስቀምጡት። ልጃችሁ በአንድ ገጽ እንዲጽፍ አድርጉ። እሪታውን ማን ይሰማል? ያው ሀንድረድ። ጭረቱ ያሳብቅበታል? አዎ። ምሕረት የሚያስገኝለት የክርስትና አባት አለው? እዚህ ላይ ይቁም፣ ያስብ። ሄንሪ ለስርቆት መስቀልን መልሷል። ዳኞችን ከራሱ ዘንድ ይልካል። ዳኛው የመንደሩን ሰው አያውቅም፤ እጁን እየታጠበ ልመና የሚሰማም አይደለም።

ከዚያ እውነተኛውን አንብቡለት። በ1124 የንጉሡ ዳኛ ራልፍ ባሴት ሌስተርሸር ውስጥ ሁንደሆጌ በተባለ ቦታ ተሰየመ። በአንድ ጊዜ 44 ሌቦች ሰቀለ። ስድስቱን ዓይናቸውን አጠፋ፣ ሰለባቸው። የፒተርቦሮ መነኮሳት ዜና መዋዕል ይህን ከጻፈ በኋላ፣ እዚያ በግፍ የሞቱ ብዙ እንደነበሩ የታመኑ ሰዎች ይናገራሉ ብሎ ጨመረ።

ልጄ ገጿን ጽፋ ስትጨርስ ከታች አንድ መስመር አከለች። «የ44ቱ ስም የት አለ?» ብላ። አስተማሪዋ ከጎኑ በቀይ ምልክት አድርጎበት ነው የመለሰላት።